የአሰብ ዓሣ ጉለሌ ላይ ሲሞቀው

ሰው ሲበርደው ይደርባል፤ ሲሞቀው ያወልቃል። በዚህ በኩል ፈጣሪ አልበደለንም። ዓሣ ግን ሲሞቀው ምኑን ያወልቃል? ይህን ጥያቄ ጠይቃችሁ የማታውቁ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ አንድ ሚያዝያ ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ከርሜአለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል በእግር በሚደረስበት ቤታችን እንኖራለን። ታላቅ ወንድሜ፣ ማለትም ወንድም ጋሼ፣ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ከአሰብ የሚመጣ ሰው ሬዲዮ ያመጣል፣ ሽቶ ያመጣል። ወንድም ጋሼ ያመጣው ባሕሩን ነው። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የጭነት መኪናው ደጃችን ቆሞ ሲራገፍ ሦስት ትልልቅ የመስታወት ገንዳ፣ በበርሜል በበርሜል ጨዋማ ውሃ፣ ደግሞም ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች፣ ከእነሱም ጋር ድንጋይ የሚመስሉ ግን «ሕይወት አላቸው» የሚላቸው ኮራሎች ወረዱ። እናቴ ሁሉም እስኪወርድ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀችና ሚስቲቱስ ከኋላ ናት ወይ ብላ ጠየቀችው። ሚስት አልነበረችም።

ገንዳዎቹ ኮርኒስ የሌላት፣ የጣራ ቆርቆሮዋ ከውስጥ የሚታይ የጎን ክፍል ተሰጣቸው። ከላያቸው መብራት ተንጠለጠለ፤ አየር የሚነፋ ሞተርም ቀን ከሌት ያጉረመርም ጀመር። ውሃው ሲጎድል የአሰብ መንገድ ሾፌሮች በጀሪካን ያመጡለታል። እናቴ ባሕር በጀሪካን የሚቀዳበት ዘመን ደረስን እያለች ታማትባለች። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጨንቀው ወንድሜ፣ እዚያ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ይፈታል። ለዓሦቹ ያወራላቸዋል። ለእኛ በዓመት የማይነግረንን ለእነሱ በአንድ ምሽት ይነግራቸዋል።

እንግዲህ ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ሆዱን ይዞ ተጠቀለለ። ጳውሎስ ሆስፒታል ስናደርሰው ትርፍ አንጀት ነው፤ ዛሬውኑ ይቀደድ ተባለ። ከቤት ደግፈን ስናወጣው በሩን ጨብጦ ቆሞ «ከሃያ ሰባት...» ብሎኝ ነበር። የቀረውን ሕመሙ ዋጠው። የገንዳዎቹን ቴርሞሜትር ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ከሃያ ሰባት ምን? እንዳይወርድ ነው ወይስ እንዳያልፍ? አያችሁ የአማርኛን ጉድ? ዋናው ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ተናጋሪው እዚያ ሳይደርስ ከታመመ ሰሚው ገደል ገባ።

እናቴ ግን ግራ አልገባትም። አሰብ ማለት ሲኦል ጎረቤቷ የሆነ አገር ነው፤ እነዚህ ፍጥረቶች ከዚያ መጥተው የእንጦጦ ነፋስ በሚወርድበት ሰፈር ተቀመጡ፤ ታዲያ ምን ሊሆኑ ይችላሉ? በርዷቸዋል። ይህን ብላ ሦስቱንም ገንዳ ጋቢ አለበሰቻቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ትክክል መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ጋቢውን ስገልጠው ዓሦቹ በሙሉ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እናቴ ሞቋቸው ምስጋና እያቀረቡ ነው አለች። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ይላል። ምስጋናው አላማረኝም፤ ጋቢውን ገፍፌ በመጠየቂያ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

ወንድም ጋሼ ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቆለት ተኝቷል። ዓይኑን ሲገልጥ ስለ ቁስሉ ሳይሆን «ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትልቁ ሠላሳ፣ ሁለቱ ሃያ ዘጠኝ አልኩት። በአጠገባችን ታልፍ የነበረች ነርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጆቹ የት ነው ያሉት አለችኝ። ቤት ከእናቴ ጋር አልኳት። ትኩሳቱን ማን ለካው፣ በምንስ ለካው እያለች አፋጠጠችኝና በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች።

«እህቴ፣ ሠላሳ ከሆነማ ሬሳ ነው።»

ወንድም ጋሼ ከአንሶላው የባሰ ነጣ። ዓሦች ናቸው ብዬ ሳስረዳት ነርሷ እኔን ትታ የእሱን ግንባር ዳበሰች፤ የሚቃዠው ማን እንደሆነ ማጣራቷ ነበር። እሷ ስትሄድ እጄን ያዘኝ።

«ባሕር ሰፊ ነው፤ ሙቀቱን ያከፋፍለዋል። ይሄ ሳጥን ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ፣ መብራቱ ከላይ። መብራቱን አጥፊው። መስኮቱን ክፈቺ። በጠርሙስ በረዶ አስገቢ፤ ክዳኑ እንዳይከፈት፣ ጨዋማው ውሃችን ይቀጥናል።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እባክሽ። እነሱ ብቻ ናቸው ያሉኝ።»

ከእናቱ ልጅ ፊት እንዲህ ይባላል? ቅር አለኝ። ግን በመንገዴ ሁሉ የማስበው በረዶ ነበር። ጉለሌ ውስጥ በረዶ ከየት ይመጣል? ፍሪጅ ያላቸው የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ኑሪ ናቸው። ፍሪጇም የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ናት። ነገሩን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን አቁመው፣ ከአሰብ የመጣ ዓሣ ጉለሌ ላይ ሞቀው ነው የምትዪኝ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። አሰብን እሳቸውም ያውቁታል፤ ለንግድ ሄደው በሁለተኛው ቀን ሸሽተው መጥተዋል። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ይህ ነገር ከእኛ እውቀት በላይ ነው አሉና ለስላሳቸውን አውጥተው የእኔን ጠርሙሶች ከተቱ። እስኪሞላ አትሙዪው፣ ሲረጋ ይፈነዳል ብለውም መከሩኝ።

እናም ከመሥሪያ ቤት ዓመት ፈቃዴን ወስጄ ጠርሙስ አመላላሽ ሆንኩ። የረጋውን በዘንቢል ይዤ እሄዳለሁ፣ የሟሟውን ይዤ እመለሳለሁ። ቴርሞሜትሩ አንዴ ሃያ ስምንት ይወርዳል፣ ቆርቆሮው ሲግል መልሶ ይወጣል። አንድ ቢጫ ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ ብዬ ሳለቅስ ለካ ተኝቶ ኖሯል፤ ተነሥቶ ሄደ። ዓሣ ሲተኛና ሲሞት ልዩነቱ ምንድን ነው? እንጃ።

በዚያ ዘመን ግን ሴት ልጅ በዘንቢል ጠርሙስ እያመላለሰች፣ ሞተር ወደሚያጉረመርምበት፣ መጋረጃው ወደተጋረደ ክፍል ስትገባ ሰው ስለ ዓሣ አያስብም። በጠርሙስ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፤ የሚወረወር፣ የሚነድ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠብመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትለው ገቡ። እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ሊቀመንበሩ ከዘንቢሌ አንድ ጠርሙስ አንሥተው ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ዘቀዘቁት፤ አልወርድም አላቸው። ምንድን ነው ሲሉኝ በረዶ ነው አልኩ። ለምን ሲሉኝ ዓሦቹ ሞቋቸው አልኩ። ከየት ሲሉኝ አሰብ አልኩ። አሰብ የሚለውን ቃል በተናገርኩ ቁጥር ሁሉም ሰው ፊቱ ለምን እንደሚጠቁር ገብቶኝ ነበር፤ ግን ሌላ መልስ አልነበረኝም።

«እኔ አሰብ ዘምቻለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው። «እዚያ የኖረ ፍጡር ጉለሌ ሞቀኝ ካለ ውሸታም ነው።»

 ከዚያ ወደ ዓሦቹ ክፍል ገቡ። የደበቅነውን ነገር ፍለጋ ይመስለኛል፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ትልቁ ገንዳ ውስጥ ነከሩ። ሰማያዊው ዓሣ መጥቶ ጣታቸውን ቀመሰ። ሊቀመንበሩ አልተንቀሳቀሱም። ዓሣው ደግሞ ቀመሳቸው።  ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ጠባቂው ዞረው፣ እውነትም ለብ ብሏል፣ ጠብመንጃህን አስቀምጥና አራግብ አሉት። ጠባቂው ዙሪያውን ተመለከተ፤ ጋዜጣ አነሣ፤ አራገበ።

ከዚያ ክንዳቸውን በኮታቸው ጠርገው ወጡ። እናቴ ታስረናል ወይስ ተፈትተናል ብላ ጠየቀችኝ። ጠባቂው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እየመጣ ያራግባል። ሊጠብቀን ይሁን ሊረዳን፣ እሱም ቢሆን ያወቀው አይመስለኝም።

ወንድም ጋሼ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ሃያ ሰባት ላይ አስረከብኩት። በሦስቱም ገንዳ ፊት እያጎነበሰ አንድ በአንድ አያቸው፤ አንድም አልጎደለም። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ እናቴን አቅፎ ትከሻዋ ላይ አለቀሰ። እኔ ደክሞኝ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ልክ ያን ጊዜ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቆረ። ቆርቆሮው ጮኸ፤ መነጋገር አቃተን። ስንወጣ ግቢው፣ መንገዱ፣ ጉለሌ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ስንት ቀን በዘንቢል የለመንኩት በረዶ በነፃ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ዘወር ስል ወንድም ጋሼ ቴርሞሜትሩ ላይ አፍጥጧል።

«ሃያ ሁለት» አለ። «ይሄ ይገድላቸዋል። ማሞቂያ ፈልጊ።»

ሐጂ ኑሪ የሱቃቸውን ደጅ በአካፋ እየጠረጉ ነበር። በረዶውን እየረገጥኩ ስመጣ አዩኝና ከዚህ ሁሉ አልፈሽ ምን ፈልገሽ መጣሽ አሉኝ። ለዓሦቹ ከሰል አልኳቸው። እሳቸውም በረዶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አካፋውን አስደግፈው ገቡና ከሰሉን መዘኑልኝ።