ፕሩ ትውለድ ወይስ አትውለድ

የቶርንቤክ መንደር የፌረት አርቢዎች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ የማኅበሩ የእንጨት ቤት፣ ከአትክልት ቦታዎቹ ጀርባ (ምድጃው አልሠራም)
ሰዓት፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተብሎ ስምንት ተኩል ተጀምሯል

የተገኙ፦
1. አቶ ሃሮልድ ፒከርስጊል፦ ሊቀ መንበር፤ ሜጀር የተባለው ባለ ሽልማት ወንድ ፌረት ባለቤት
2. አቶ ክላይቭ ሰግደን፦ አባል፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ደንብ አዋቂ
3. አቶ ዊልፍ ብሬትዌት፦ አባል፤ የ79 ዓመት አዛውንት፤ የጉዳዩ አቅራቢ
4. ወ/ሮ ሚውሪየል ኦልድሮይድ፦ ጸሐፊ፤ ይህን የምጽፈው እኔ

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ፕሩ፣ የስድስት ዓመት እንስት ፌረት፣ በአቶ ዊልፍ ኮት ውስጥ።

ያልተገኙ፦ አራት አባላት። አራቱም በቤተሰብ ችግር ምክንያት መቅረታቸውን አስታውቀዋል። አቶ ክላይቭ የአራቱም የቤተሰብ ችግር ከተማ ውስጥ በዘጠኝ ሰዓት የሚጀመር የእግር ኳስ ጨዋታ መሆኑን ለጉባኤው አስረድተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ማኅበራችን ጥንቸል ከጉድጓዷ የሚያስወጡልንን ፌረት የተባሉ ድመት የማያህሉ ረጃጅም ወገባም እንስሳት በደንብና በሥርዓት ለማርባት የተቋቋመ እንደመሆኑ፣ ያለ አምስት ሰው መወሰን አይችልም። አራት ነበርን። ሊቀ መንበሩ ባለቤታቸው ወ/ሮ ብሬንዳ አምስተኛ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ብሬንዳ፣ «እኔ ሻይ ላፈላ ነው የመጣሁት» አሉ። ሊቀ መንበሩ፣ «እያፈላሽ መወሰን ትችያለሽ» ሲሉ መለሱ።

ውሳኔ አንድ፦ ወ/ሮ ብሬንዳ ለዛሬ ብቻ ሙሉ ድምፅ ያላቸው አባል ሆነዋል። ተቃውሟቸው ተመዝግቧል። ሻዩም ቀርቧል።

አጀንዳ፦ ፕሩን ማስወለድ ይገባል ወይስ አይገባም

አቶ ዊልፍ ጉዳዩን አስረዱ። ፕሩ በኅዳር ወር ያረፉት የባለቤታቸው የወ/ሮ ሄቲ ፌረት ናት። በዚህ መንደር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታየ የማር መልክ ያለው ፌረት ሁሉ ከሄቲ የማርቢያ ሳጥኖች የወጣ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዚያ ዘር የቀረችው ፕሩ ብቻ ናት። የወለደችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሁን ጸደይ ስለገባ ወንድ መፈለግ ጀምራለች፤ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

«ሌላ ምንም አልጠይቅም» አሉ አቶ ዊልፍ። «አንዲት ሴት ልጅ ትስጠኝ። የማር መልክ ያላት። በቃ።»

አቶ ክላይቭ ተቃወሙ። «የስድስት ዓመት ፌረት ማለት እኮ እንደ እናቴ ናት። አሁን እናቴን ማን አርግዢ ይላታል?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ዊልፍ ንጽጽሩ ፕሩን የሚያዋርድ ስለሆነ እንዲነሳላቸው አመለከቱ። ተነስቷል።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ ከእንስሳት ሐኪሟ የመጣውን ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ወቅት ወንድ ያላገኘች ፌረት ፍላጎቷ በራሱ አይበርድም። ሳምንታት ሲቆይ ደሟን ያደርቃል፤ ትሞታለች። ስለዚህ ፕሩ በአስቸኳይ ከወንድ ጋር መገናኘት አለባት፤ ሆኖም»

ሁለተኛውን ገጽ ፕሩ ከአቶ ዊልፍ ኮት ወጥታ ከጠረጴዛው ላይ ነጥቃ ቁም ሳጥኑ ሥር ገባች።

«ሆኖም» የሚለው ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት ተደረገ። አቶ ክላይቭ ከሆኖም በኋላ ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም አሉ። ሊቀ መንበሩ ግን ሆኖም ሐኪሞች ደብዳቤ ሲጨርሱ የሚሉት የአክብሮት ቃል ነው በማለት ውይይቱን ዘጉ።

ውሳኔ ሁለት፦ ፕሩ እንድትወልድ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። የታቀቡት ወ/ሮ ብሬንዳ ስኳር ፍለጋ ወጥተው ነበር።

ቀጥሎ አባት መምረጥ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ሜጀርን አቀረቡ። ሜጀር አምና ብቻ የጸሐፊዋን ፌረት ኩዊኒን ስምንት ግልገል እንዳስወለደ አስታወሱ፤ ጸሐፊዋም ለምስጋና አንድ ጠርሙስ ውስኪ መስጠቷን አረጋግጣለች። አቶ ክላይቭ በበኩላቸው ድንቹ የተባለውን የራሳቸውን ወንድ አቀረቡ። ሊቀ መንበሩ ድንቹ መልኩም ጠባዩም ስሙን የመሰለ ነው አሉ። አቶ ክላይቭ ስለ ሊቀ መንበሩ አፍንጫ የተናገሩት እንዳይጻፍ ተስማምተናል።

ውሳኔ ሦስት፦ ከረጅም ውይይት በኋላ አባትየው ሜጀር እንዲሆን ተወስኗል።

ውሳኔ አራት፦ ገና ያልተረገዘው የመጀመሪያ ልጅ ወንድ ቢሆን «ሜጀር ሁለተኛ»፣ ሴት ብትሆን «ሄቲ» ትባል። ይህ አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። «ሄቲ» ሲባል አቶ ዊልፍ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ወ/ሮ ብሬንዳ ስኳሩን ይዘው ሲመለሱ፣ «ሁለተኛው ገጽ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። እንዳልተነበበ ተነገራቸው። ሁላችንንም በየተራ አዩን።

አቶ ክላይቭ ገጹን ለማውጣት ተንበረከኩ። ፕሩ ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጥታ በሱሪያቸው የግራ እግር በኩል ገባች። አቶ ክላይቭ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሱ። ጥያቄው ባልተለመደ ከፍተኛ ድምፅ የቀረበ ሲሆን፣ ፕሩ በወገባቸው በኩል እስክትወጣ ድረስ ዘልቋል። ወ/ሮ ብሬንዳ በዚሁ አጋጣሚ እጃቸውን ከቁም ሳጥኑ ሥር ሰድደው ገጹን፣ አንድ ጓንትና ከጥር ወር ጀምሮ የጠፋውን የማኅበሩን ማኅተም አወጡ።

ገጹ ተነበበ፦ «መውለድ የለባትም። በዚህ ዕድሜዋ ብታረግዝ ምጥ ላይ የመሞቷ ነገር ያሰጋኛል። የዘር ቧንቧው የተቋጠረ ወንድ ቢገኝ መልካም ነው፤ ፍላጎቷ ይበርድላታል፣ አታረግዝም። ካልተገኘ በመርፌ እንሞክራለን። ወቅቱ ሲያልፍ ማህፀኗን ባወጣላት ይሻላል።»

ሊቀ መንበሩ ተነሱ። የተቋጠረ ወንድ በዚህ መንደር እንደሌለ፣ ኖሮም እንደማያውቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር በወንድ ፌረት ላይ የሚፈጽም ሰው ከማኅበሩ መባረር እንዳለበት ለስምንት ደቂቃ ተናገሩ።

ወ/ሮ ብሬንዳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ።

«ሃሮልድ፣ ተቀመጥ።»

«እየተናገርኩ እኮ ነው።»

«ሜጀር ተቋጥሯል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንተ እህትህ ጋ የሰነበትክ ጊዜ። ያን ዓመት አሥራ ሦስት ግልገል በአንሶላ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አሳድጌልሃለሁ። አሥራ አራተኛውን አላሳድግም ብዬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።»

ሊቀ መንበሩ ተቀመጡ። «የኩዊኒ ስምንቱስ?» አሉ በዝቅተኛ ድምፅ።

ድንቹ አምና ሁለት ቀን ጠፍቶ ጸሐፊዋ ጓሮ መገኘቱ ለሁላችንም ትዝ አለን፤ አቶ ክላይቭም ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ጸሐፊዋ ውስኪው ለትክክለኛው ባለመብት እንዲተላለፍ ጠየቀች። ተጠጥቷል ተባለ።

ወ/ሮ ብሬንዳ ወንበራቸውን ስበው ከአቶ ዊልፍ አጠገብ ተቀመጡ። ፕሩ የአቶ ዊልፍ ጭን ላይ ወጥታ ተጠቀለለች።

«ዊልፍዬ፣ አሁን ሰምተሃል። ትወልድ ካልክ ድንቹ አለልህ፤ ማንም አይከለክልህም። ግን ልትሞትብህ ትችላለች። የቷን ነው የምትፈልገው? ያልመጣችውን ነው ወይስ ይችን?»

አቶ ዊልፍ ለአራት ደቂቃ ያህል የፕሩን ጀርባ ዳበሱ። ያን ጊዜ ሁሉ አቶ ክላይቭ የደንብ ጥያቄ አላነሱም፤ ይህ በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያ ስለሆነ ተመዝግቧል።

ከዚያ አቶ ዊልፍ የሚከተለውን ተናገሩ። ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጽፋዋለች።

«ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሄቲ እምቢ ብላ ነበር። አምናም፣ ካቻምናም ለመንኳት። ‹ተዋት ዊልፍ፣ የድርሻዋን ወልዳለች፣ አሁን ትተኛ› አለችኝ፤ በየጸደዩ ሐኪም ቤት ወስዳ በመርፌ ታስበርድላት ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ዝም አለብኝ። ከሳጥኑ ውስጥ ግልገል ሲንጫጫ ብሰማ፣ ሄቲ ጓሮ ያለች ይመስለኛል ብዬ ነው። ለብቻዬ እንዳልወስነው ቃሏን መሻር ሆነብኝ። እናንተ አዎ ካላችሁ ግን የሻርኩት እኔ አልሆንም ብዬ ስብሰባ ጠራሁ።»

ወ/ሮ ብሬንዳ እጃቸውን ያዙ። ሊቀ መንበሩ፣ ሜጀር ሰኞ ጠዋት አቶ ዊልፍ ቤት እንደሚመጣና የፕሩ ፍላጎት እስኪበርድ እዚያው እንደሚሰነብት ተናገሩ። ይህም ውሳኔ ሳይሆን የጎረቤት ውለታ ነው ተብሎ ይያዝልኝ አሉ፤ በጎረቤት ውለታነት ተይዟል። ወቅቱ ሲያልፍ ፕሩን ሐኪም ቤት በመኪናቸው የሚያደርሱት አቶ ክላይቭ ናቸው።

እስካሁን የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ ቀረበ። ወ/ሮ ብሬንዳ፣ «መጀመሪያ የኔን አባልነት ሰርዙልኝ» አሉ። አቶ ክላይቭ የእሳቸው አባልነት ከተሻረ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ፣ ምልዓተ ጉባኤው ከፈረሰ መሻሩም እንደማይጸና፣ መሻሩ ካልጸና ደግሞ ወ/ሮ ብሬንዳ ተመልሰው አባል እንደሚሆኑ አስረዱ። ሊቀ መንበሩ፣ «ክላይቭ፣ በእናትህ» አሉ። ይህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ውሳኔ አምስት፦ ከአንድ እስከ አራት ያሉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ወ/ሮ ሄቲ ብሬትዌት በሕይወት ሳሉ የሰጡት እምቢታ ጸንቷል።

ድምፅ ሲሰጥ አራታችን እጃችንን አወጣን። አቶ ዊልፍ ቆይተው ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ። ሊቀ መንበሩ አንዱን እንዲያወርዱ ሲጠይቋቸው፣ «አንደኛው የሄቲ ነው» አሉ።

አቶ ክላይቭ ተቃውሞ አላቀረቡም። በስድስት ድምፅ ጸድቋል፤ ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ተዘግቷል።