ጥርሴ የታየበት ፎቶ

ሰው በሠርጉ ቀን ለምን ያለቅሳል? ይህን አንኮበር ላይ ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። ሙሽራ ካላለቀሰች ምኑን ሙሽራ ሆነች? ከእናቷ ቤት ስትወጣ ጥርሷ ከታየማ «ቸኩላ ነበር» እየተባለች የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና እስክታስነሳ ትታማለች።

እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? እንባው እምቢ ብሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ከምንማርበት ጊዜ ጀምሮ የምወደው ሰው ካናዳ ሄዶ፣ ሥራ ይዞ፣ ሊያገባኝ ተመልሶ! ደስታዬን የት ልደብቀው? የወላጆቼን ጉልበት ስሜ ስነሳ እናቴ ቬሌን የምታስተካክል መስላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ጥርስሽን ሰብስቢ! ሰው ምን ይለናል?» እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ባሌ ካናዳ ወደ ሥራው ተመለሰና እኔን ለመውሰድ ለኢሚግሬሽኑ አመለከተ። የሠርግ ፎቶ ላኩ ተባልን። አልበሙ ያለው እናቴ ዘንድ ስለሆነ መራጯም እሷ ሆነች። የቄስ ልጅ ናት፤ የተጠጋጋንበትን ሁሉ «ይሄ ነውር ነው» እያለች አስቀረች። የተረፈው ምን መሰላችሁ? እኔ አቀርቅሬ ሳለቅስ፣ ባሌ ማዶ ከሚዜዎቹ መሃል ቆሞ። ላክነው።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ሙሽሪት በፈቃዷ ማግባቷን የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ፤ አለዚያ ማመልከቻው ይዘጋል። ባሌ በስልክ «አስገድጄ ያገባሁሽ መሰላቸው እኮ!» አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ማንም ሳይቆነጥጠኝ አለቀስኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ፎቶም ወረቀት ነው። እንባዬን ያዘ እንጂ የእናቴን ቁንጥጫ መቼ ያዘ?

አንኮበር ሄጄ ነገርኳት። ክው አለች። «እኔን ልጄ! እኔው ነኝ የቆነጠጥኳት ብዬ ልመስክርልሽ?» ከሣጥኗ ያስቀረቻቸውን ፎቶዎች አወጣች። አንዱ ላይ ባሌ ሲያጎርሰኝ ወጡ አገጬ ላይ ፈስሶ ሁለታችንም በሳቅ ፈርሰናል። ጥርሴ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናቴ ፎቶውን ትኩር ብላ አየችው። «ለካ ይህን ያህል ትወጂዋለሽ» አለች፣ ቀስ ብላ። አንጀቴን በላችው። ጥርሴን ከነወጡ፣ እናቴ ስለ ቁንጥጫዋ ፈርማ ከሰጠችው ምስክርነት ጋር ላክን።

እናንተዬ፣ ቪዛው መጣ!

የምሄድ ቀን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል እንባዬ መጣ፤ የእውነቱ እንባ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የራሷን ዓይን እየጠራረገች፣ በሌላው እጇ በመስኮቱ በኩል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ሳቂ እንጂ፣ አንቺ! ሰው ፎቶ ቢያነሳሽ ደግሞ ያስቀሩሻል!»