ሕፃኑ ቆሞ ቤቱ ሲሄድ

[ሳሎን። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ የቤቱ ሕፃን የሚራመድበት ቪዲዮ ይታይበታል። ጋሼ የቤቱ አባወራ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም። ማሙሽ የሚስቱ የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ማሙሽ ይባል እንጂ ጢሙን የሚላጭ ሙሉ ሰው ነው። ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ማሙሽ፦ እንዳለ ቢላክስ ግን፣ ጋሼ?

ጋሼ፦ እንዳለ? ይኼ? ካሜራው ራሱ ብርድ ብርድ ያለው እኮ ነው የሚመስለው።

ማሙሽ፦ እኔ እንዳየሁት ልጁ ሲራመድ ይታያል።

ጋሼ፦ አንተ ደግሞ መታየቱ ይበቃሃል። አባትህ ዛሬ ከሰዓት ኦፕራሲዮን ሊገቡ ነው። «የልጅ ልጄ ዳዴ ትቶ ሲራመድ ሳላይ አልገባም» ብለው ሐኪሙን አስቁመውታል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ይላካል? ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ራሳቸውን ይስታሉ።

ማሙሽ፦ እትዬ አጠገባቸው ናት። ከስልኳ ብታሳያቸውስ?

ጋሼ፦ ከልክያታለሁ። እኔ አስተካክዬ ሳልልክ አንዳች ነገር እንዳታሳያቸው ብያለሁ።

ማሙሽ፦ ለምን?

ጋሼ፦ ለምን ይለኛል። አባትህ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ ያውቃሉ? «ያ ልጅ» ነኝ። ያ ልጅ መጣ፣ ያ ልጅ በላ። ልጅ ወልጄ እንኳ ያ ልጅ ነኝ። ታመምኩ ብዬ ብተኛ «ያ ልጅ ምን ነካው?» ብለው ነው የጠየቁት። ዛሬ ይኼን ሲያዩ «ማነው እንዲህ አጥርቶ የሠራው?» ይላሉ። ያኔ ስሜ ይጠራል።

ማሙሽ፦ ገባኝ። እርስዎም እንዲታዩ ነው።

ጋሼ፦ አልገባህም። ዝም ብለህ ተመልከት። ይኼ ማረጋጊያ ሶፍትዌር ይባላል። የሚንቀሳቀሰውን ነገር ፈልጎ ይይዝና ቀጥ ያደርገዋል።

ማሙሽ፦ የሚንቀሳቀሰው ግን ልጁ ነው እኮ።

ጋሼ፦ አንተ ልታስተምረኝ ነው? እኔ ኮምፒውተር ስነካ አንተ ገና አፍንጫህን በእጅጌህ ነበር የምትጠርገው። ይኸው፣ ጨረሰ። እይ።

[ያያሉ።]

ማሙሽ፦ ጋሼ።

ጋሼ፦ እህ።

ማሙሽ፦ ልጁ ቆሟል።

ጋሼ፦ ተረጋጋ ማለት ነው።

ማሙሽ፦ ሶፋው ግን እየሄደ ነው።

ጋሼ፦ የት ነው የሚሄደው?

ማሙሽ፦ ወደ ልጁ። ቴሌቪዥኑም ተነሥቷል። መጋረጃው ደግሞ... ይኸው፣ አለፋቸው።

ጋሼ፦ ይኼ የአተያይ ጉዳይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠህ ዛፉ ሲሄድ አይተህ አታውቅም?

ማሙሽ፦ አይቻለሁ። ዛፉ መሄድ ጀመረ ብዬ ግን ለዘመድ ደውዬ አላውቅም።

ጋሼ፦ ከአንተ ጋር መነጋገር ከበር ጋር መነጋገር ነው።

ማሙሽ፦ አባባ ሲራመድ ማየት የፈለጉት ልጁን ነው። ሶፋውን ራሳቸው ናቸው የገዙልን፤ ያውቁታል።

ጋሼ፦ እሺ፣ እሺ። ሶፍትዌሩ ልጁን ይልቀቅና ግድግዳውን ይያዝ። የማረጋጊያ ጉልበቱንም እስከ ጫፍ እንጨምርለት። እንግዲህ አሁን ፍንክች ካለ እኔ ሰው አይደለሁም።

[ይጠብቃሉ። እንደገና ያያሉ።]

ማሙሽ፦ አሁን ልጁ ይሄዳል።

ጋሼ፦ አላልኩህም? ጠያቂ ብቻ ነህ።

ማሙሽ፦ እግሩ ግን የለም።

ጋሼ፦ የለም ማለት?

ማሙሽ፦ ከእምብርቱ በታች የለም። ልክ ውኃ ውስጥ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ጋሼ፦ ሶፍትዌሩ ሲያረጋጋ ዳር ዳሩን ይከረክማል። አሠራሩ ነው። ሳይከረከም የሚስተካከል ነገር የለም፤ ፀጉርህን አታይም?

ማሙሽ፦ ጋሼ፣ እርምጃው እኮ ያለው ዳር ላይ ነው።

ጋሼ፦ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነው።

ማሙሽ፦ ፊቱንማ ከተወለደ ጀምሮ ያዩታል። አዲሱ እግሩ ነው።

ጋሼ፦ ምን ላድርግህ? እጁን ማርጋት ያቃተው ሰው የቀረጸውን እኔ ልፈጥረው ነው? ይኼን የቀረጸ ሰው ስልክ መያዝ አይደለም፣ ማንኪያ መያዝ ራሱ ይከብደዋል።

ማሙሽ፦ ሾርባማ ያፈሳል።

ጋሼ፦ ጎሽ። ቢያንስ ራስህን ታውቃለህ።

ማሙሽ፦ ኧ?

ጋሼ፦ ተወው። መሃል ላይ አደርገዋለሁ። ግማሽ ጉልበት፣ ግማሽ ክርከማ። [ቁልፍ ይነካል፤ ይጠብቃል።] ይኸው። ልጁ አለ። እግሩ አለ። ቤቱም ቦታው ላይ ነው።

ማሙሽ፦ ግድግዳው ግን ይተነፍሳል።

ጋሼ፦ ትንሽ ቢተነፍስ ምን አለበት? ቤት አይደለም እንዴ። አሁን ሴቭ ላርገውና... [ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላል።] ስድስት ሰዓት?

ማሙሽ፦ ምኑ?

ጋሼ፦ ሴቭ ለማድረግ ስድስት ሰዓት ይቀረኛል ይላል፣ ይኼ የድንጋይ ዘመን ላፕቶፕ።

ማሙሽ፦ አባባ እስከዚያ ተሰፍተው ይወጣሉ።

ጋሼ፦ አትሸበር። ስልኬን አምጣው። ስክሪኑ ላይ ሲጫወት በስልኬ እቀርጸዋለሁ። እንደ አንተ ያለው ቁጭ ብሎ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ አእምሮ ያለው ሰው መላ ይፈጥራል።

ማሙሽ፦ ከቪዲዮው ላይ ሌላ ቪዲዮ?

ጋሼ፦ አጫውተው። [በአንድ እጁ ስልኩን ወደ ስክሪኑ ያነሣል።] እንግዲህ እይና ተማር፤ ቀረጻ ማለት እንዲህ ነው። ትንፋሽን መቆጣጠር። ይኼን መጀመሪያ የቀረጸው ጉድ አህያ ላይ ተቀምጦ ይመስለኛል። አይ፣ አህያዋ ራሷ ናት የቀረጸችው።

[ማሙሽ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።]

ጋሼ፦ ምን ታሳየኛለህ? ተንቀጠቀጠ? አልተንቀጠቀጠም። ለነገሩ አባትህ ምን ሊለዩ ነው። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ብታሳያቸው የልጅ ልጄ ነው ብለው ያጨበጭባሉ። እንዲህ ያለ ግትር ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ ሐኪም ተሰልፎ እሳቸው ፊልም ይመርጣሉ።

[ማሙሽ ሁለት እጁን ያወናጭፋል።]

ጋሼ፦ ዝንብ ነው የምታባርረው? ይኸው፣ አለቀ። ላክሁት፤ በቀጥታ ለአባትህ። [ይቀመጣል።] አሁን ንገረኝ፣ ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የምትወራጨው?

ማሙሽ፦ ስልኩ ድምፅ ይይዛል ልል ብዬ ነው።

ጋሼ፦ ይያዝ። አህያ ያልኩህ አንተን ነው፤ አንተ ደግሞ ለምደኸዋል።

ማሙሽ፦ እኔን? እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ።

ጋሼ፦ ታዲያ ማን ቀረጸው?

ማሙሽ፦ እትዬ። በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ፣ በሌላው ልጁ ሲወድቅ ልትቀበል እያጎነበሰች።

[ጋሼ ስልኩን ብድግ ያደርጋል።]

ጋሼ፦ አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?

ማሙሽ፦ ማን ቀረጸው ብለው አልጠየቁኝም። እርስዎ ደግሞ የሚያውቁትን ነገር ሰው ሲነግርዎ አይወዱም።

ጋሼ፦ ሾርባ ያፈሳል ያልከውስ?

ማሙሽ፦ ማንኪያ መያዝ ከከበደው ያፈሳል ብዬ ነው። ሰው ሲናደድ አብሬ እናደዳለሁ።

ጋሼ፦ ላጥፋው። ከመታየቱ በፊት ላጥፋው። የት ነው ማጥፊያው? ማሙሽዬ፣ የኔ ወንድም፣ እስቲ እየው፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ማሙሽ፦ [ስልኩን ከጋሼ እጅ እየተቀበለ] ስልኩ በጣም ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ። ቆይ... ታይቷል ይላል።

ጋሼ፦ አለቀልኝ።

ማሙሽ፦ እትዬም ጻፈች።

ጋሼ፦ አንብበው። አይ፣ አታንብበው። አንብበው።

ማሙሽ፦ «ለአባባ ዋናውን ከስልኬ አሳየኋቸው። ልጁ እግሩን ሲያነሣ አብረው እግራቸውን እያነሡ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አሁን ሊገቡ ነው።»

ጋሼ፦ ተመስገን። የእኔንስ? የእኔን አላዩትም ማለት ነው?

ማሙሽ፦ [ማንበቡን ቀጥሎ] አይተውታል። ሁለቴ አስደግመዋታል።

ጋሼ፦ ሁለቴ? [ትንሽ ቀና ብሎ] ታዲያ... ስሜን ጠሩት?

ማሙሽ፦ ጠርተውታል። ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ።

ጋሼ፦ ከነአያቴ? ምን ብለው?

ማሙሽ፦ «ሥዕሉ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን አንድም ቦታ ፍንክች አይልም» ብለው።