አያ ዳኘውን ከባዕድ ማጭድ የመታደግ ዘመቻ

አገር በብረት ይጸናል፤ ብረት በመመሪያ ይጸናል፤ መመሪያ ደግሞ፣ ከፍኖተ ሰላም እምብዛም በማትርቅ አንዲት ወረዳ፣ በክንፈሚካኤል ይጸና ነበር።

ክንፈሚካኤል በኢኮኖሚክስ ተመርቆ በወረዳው ንግድና ኢንዱስትሪ ጽሕፈት ቤት የአገር ውስጥ አምራቾች ጥበቃ ባለሙያ ሆኗል። የሚጠበቀው አምራች ግን አንድ ብቻ ነው፦ ቀጥቃጩ አያ ዳኘው። ልማታዊው መንግሥት ከመጣ ወዲህ «ቀጥቃጭ» ማለት ነውር ሆኖ «የብረታ ብረት ዘርፍ አንቀሳቃሽ» ተብለዋል። ስማቸው ረዘመ እንጂ በሠርግ ቤት የሚቀመጡባት ጥግ አልተለወጠችም።

አጨዳው ሲቃረብ አያ ዳኘው ከባለቤታቸው ከእማዋይሽ ጋር ቢሮ መጡ። ገበሬው ዘንድሮ ማጭዱን ከጅጋ ገበያ ገዝቶታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋው ከአንድ ዶሮ ያነሰ። የአያ ዳኘው የዓመት ቀለብ በጥር ከየአውድማው የሚሰፈርላቸው ጤፍ ነው። «ማጭዴን ላልያዘ ሰው ምን ብዬ ቁና እዘረጋለሁ?» አሉ።

የክንፈሚካኤል ደም ፈላ። ባሕር ዳር ሥልጠና ወስዶ ነበርና፣ ከወጪው በታች የሚሸጥ ነጋዴ የሰው ገበያ ገዳይ እንደሆነ፣ ተመርምሮ እንደሚቀጣ ያውቃል። ያን ዕውቀት የሚያውልበት አጥቶ ሲብሰለሰል ከርሟል።

ወዲያው ጅጋ ወረደ። ማጭድ ሻጩ ነጋዴ የገዛበትን፣ ቀረጥ የከፈለበትን፣ ያስጫነበትን ደረሰኝ ደርድሮ ጠበቀው፤ ትርፉም በልኩ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ፋብሪካ ስንት አውጥቶ ስንት እንደሚሸጥ ለማጣራት ደግሞ እስከዚያ የሚያደርስ የቀን አበል አልተያዘም። ምርመራ ከተጀመረ መቆም የለበትምና፣ በጀት በሚፈቅደው ወገን፣ በአያ ዳኘው ደጅ ቀጠለ።

«አያ ዳኘው፣ አንዱን ማጭድ ስንት ይሸጡታል?»

«ኧረ እኔ አልሸጥም። እሰጣለሁ።»

«በስንት?»

«በቁና። ጥር ላይ ይሰፍሩልኛል።»

«ካልሰፈሩስ?»

«ለከርሞ ይሰፍራሉ።»

በሽያጩ ዕለት የሚገኝ ገቢ፣ ዜሮ። ብረቱ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፤ ከሰሉ ከራስ ጉልበት። ወናፉን የሚነፉት እማዋይሽ ናቸው። ደመወዛቸውስ ስንት ነው?

«እሱን ጠይቅልኝ እስቲ፣ ልጄ» አሉ እማዋይሽ ወናፉን ሳያቆሙ። «ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሬ ስነፋ አለሁ። ይህ ሰውዬ ደመወዝ የሚባል ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።»

እዚህ ላይ የክንፈሚካኤል እጅ ቆም አለ። ስሌቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አይቷል። የገበሬ ልጅ ሆኖ ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ፣ «ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እኔ ነኝ» እያለ በራሱ የሚቀልድ ሰው ነውና፣ ነገሩን ሊተወው ምንም አልቀረውም። ግን ቀመሩ አማረበት። የተማረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በምድር ላይ ሠራ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ምሩቅ ይደርሰዋል?

ሪፖርቱን ያነበቡት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሀብተሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከወጪው በታች እየሸጠ ገበያውን ያዛባው ዳኘው ነው ትላለህ። የምንጠብቀው እሱን አልነበረም እንዴ?»

«እሳቸውን ነው።»

«ከማን?»

«በማስረጃው መሠረት... ከራሳቸው።»

ኃላፊው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ጥልቅ ነው» አሉና ማኅተሙን አሳረፉበት።

በውሳኔው መሠረት በቁና መሥራት ተከለከለ። ለማጭዱም የእማዋይሽን የዘመናት ድካም ያካተተ ፍትሐዊ ዋጋ ወጣለት፤ የአንድ ፍየል ዋጋ። ገበሬው መጥቶ ዋጋውን ሰማ፣ አማተበ፣ ወደ ጅጋ ሄደ።

አያ ዳኘው ውሳኔው ሲነበብላቸው በጥሞና አዳመጡ። «እና አሁን ተጠበቅሁ?»

«ሙሉ በሙሉ፣ አያ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ከመጠበቄ በፊት ግን የምበላው ነበረኝ።»

ጥር ሲገባ የሰፈረላቸው ሰው አልነበረም። ወናፉን ቆጥ ላይ ሰቅለው፣ እማዋይሽን አስከትለው ቡሬ ገቡ። እዚያም የአንድ ብረታ ብረት መጋዘን ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ያው የባዕድ ማጭድ ነው፤ አያ ዳኘው ዱላቸውን ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁት ያድራሉ።

በዓመቱ ፍኖተ ሰላም ላይ ግምገማ ተደረገ። በወረዳው በውጭ ዕቃ የሚጎዳ አምራች አምና አንድ ነበር፤ ዘንድሮ ተፈልጎ አልተገኘም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ክንፈሚካኤል ምስክር ወረቀት ሲቀበል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር፤ ትሕትናውም ለብቻው ተመሰገነለት።

ሲወጣ የጎረቤት ወረዳ ኃላፊ ክንዱን ያዙት። «የኔ ወንድም፣ እኛ ዘንድ ገና አራት ቀጥቃጮች አሉብን። ተሞክሮህን ይዘህ ድረስልን።»

ክንፈሚካኤል ምስክር ወረቀቱን ጠቀለለ። አያ ዳኘው እኮ አልተረፉም፣ ሊል ፈልጎ «እኔ እኮ ያን ያህል...» ብሎ ጀመረ።

«ግዴለህም፣ ሰኞ መኪና እንልክልሃለን» አሉት።

ሰኞ መኪናው መጣ። ክንፈሚካኤልም ጋቢና ገብቶ በሩን በቀስታ ዘጋው።