ጾሙ የተቀነሰበት ዕድሜ

(ላሊበላ፣ ፍርድ ቤት ግቢ፣ ጠዋት። ገበሬው ደግሰውና አበልጁ በእውቀቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በእውቀቱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ የደግሰውን ልጅ ሰጠኝን ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው።)

በእውቀቱ፦ አሥራ አራት አትበል አልኩህ እኮ! ጆሮህ ምን ሆኗል?

ደግሰው፦ አሥራ አራት የሆነውን ልጅ ታዲያ ስንት ልበለው?

በእውቀቱ፦ የሰው ባጃጅ አስነስቶ የእነ ሙሉዬን የገብስ ክምር የናደ ልጅ አባት እንዲህ ተዝናንቶ ይቀመጣል? ሕጉን ስማ። ዘጠኝ ካልሞላው ማንም አይነካውም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ተግሣጽ፣ ጠባይ ማረሚያ ምናምን አለ። ከዚያ ወዲያ ወህኒ ነው!

ደግሰው፦ ተግሣጹማ ይበጀው ነበር።

በእውቀቱ፦ ጠባይ ማረሚያ ቢያስገቡትስ? እኔ በሕይወት እያለሁ! ከዘጠኝ በታች እናደርገዋለን።

ደግሰው፦ አበልጄ፣ ልጁ እኮ ካንተ ይረዝማል።

በእውቀቱ፦ ሲገባ ጎንበስ ይላላ!

ደግሰው፦ ጢሙም አቀምቅሟል።

በእውቀቱ፦ ይላጨዋ!

ደግሰው፦ ድምፁስ? ባለፈው እሁድ «አሜን» ሲል ቄሱ ደንግጠው ዘወር አሉ።

በእውቀቱ፦ ጉንፋን ይዞታል በል! አሁን እናስላ። ሂሳብ ትችላለህ?

ደግሰው፦ በሬዎቼን እቆጥራለሁ።

በእውቀቱ፦ ስንት ናቸው?

ደግሰው፦ ሁለት።

በእውቀቱ፦ ይበቃል። በዓመት ስንት ቀን እንጾማለን? ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾም፣ የሰኔው... ግማሹ ዓመት ሄደ! የሚጾም ልጅ ያድጋል?

ደግሰው፦ እኔ እንጃ። ሰጠኝ በጾምም የሁለት ሰው ነው የሚበላው።

በእውቀቱ፦ አያድግም! ስለዚህ ግማሹን ጣለው። የአሥራ አራት ግማሽ ሰባት! (ያጨበጭባል) ወተት ያልጠገበ ሕፃን!

ደግሰው፦ እንዲያ ከሆነ እኔም ሠላሳ አልደፈንኩም ማለት ነው። ምነው ሚስቴ በሰማች! ይኼን ለዳኛዋ ትነግርልኛለህ?

በእውቀቱ፦ ክርስትና አባቱ አይደለሁ? ሰባት ዓመቱ ነው ብዬ እምላለሁ!

ደግሰው፦ እሰይ! ፖሊሱን ግራ ያጋባው እሱ ነበር።

በእውቀቱ፦ ምኑ?

ደግሰው፦ ከሰጠኝ ኪስ መታወቂያ አገኘ። ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ ይላል አሉ። እኔ መቼ ፊደል ቆጠርኩ!

በእውቀቱ፦ (ወደ ግቢው መውጫ እያየ) መታወቂያ...

ደግሰው፦ ባጃጅ ልንዳ ብሎ አምና ከቀበሌ ያወጣው ነው። «ዕድሜውን አውቃለሁ» ብሎ የፈረመ ምስክር ስሙ ከነፊርማው እዚያው መዝገብ ላይ አለ አሉኝ።

በእውቀቱ፦ ደግሰው... እኔ ዳኛዋ ፊት ባልቀርብስ? አንተ ተናገር እንጂ! የታሰረው ያንተ ልጅ ነው!

ደግሰው፦ ማን ታሰረ? ትናንት አንተ ፍላቂት ከተማ ሳለህ ዳኛዋ ቄሱን ጠይቀው አሥራ አራት መሆኑን አረጋገጡ፤ ተቆጡት፣ መከሩት፣ ሰጡኝ። አሁን የእነ ሙሉዬን ክምር መልሶ እየከመረ ነው።

በእውቀቱ፦ ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?

ደግሰው፦ ፖሊሱ «አበልጅህን ይዘህ ና» ብሎኝ።

(የችሎቱ ተላላኪ በሩ ላይ ቆሞ «በእውቀቱ!» እያለ ይጣራል። በእውቀቱ ከወንበሩ አልነሳ ይላል።)

ደግሰው፦ (በክንዱ ደግፎ እያነሳው) ተነስ እንጂ፣ አይዞህ። እኔ የመጣሁት ዋስ ልሆንህ ነው።