ሳይጠየቅ የሚመክረው ቀዛፊ

ጌታ ባለበት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመክር አንድ ሰው አይጠፋም። የሚመክረው ሰው ሲያጣ የጌታውን በቅሎ ይመክራል። በእናንተም መንደር ይኖራል፤ የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

የእኛው ስሙ ቢያዝን ነበር። እኔ ግን በሆዴ «ሊቀ ማዕበል፣ ራስ ታንኳ» እለው ነበር። እግዚአብሔር ሌላውን ሰው ከአፈር፣ እሱን ከምላስ የሠራው ይመስለኝ ነበርና ማዕረጉን አልነፈግሁትም።

እኔ ሥራነሽ እባላለሁ፤ የጎጃሟ የአምበር አገር ልጅ ነኝ። ጣሊያን በመጣበት ዓመት የፊታውራሪ አካለ ወልድን ስንቅ ይዤ ሰሜን ዘምቻለሁ። ጦሩ ተፈትቶ ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ አባይ ከጣና ከሚወጣበት ዳርቻ ደረስን። ጉሙ ውሃውንም ማዶውንም ውጦታል። ሁላችንም እንቅልፍ ካጣን ሰንብተናልና በሕልማችን የምንሻገር መስሎን ነበር። ከጉሙ መሃል አንዲት የደንገል ታንኳ ብቅ አለች፤ ላይዋ ላይ ረጅም፣ ከሲታ፣ እርጥብ ቁምጣ የታጠቀ ሰው ተቀምጧል።

ውሃው መካከል ስንደርስ ፊታውራሪ ተነሥተው ቆሙ። የተበተነ ጦራቸውን ዞረው ሊያዩ ነው።

«ተቀመጥ!» አላቸው ቀዛፊው። «ይቀመጡ» እንኳ አላለም።

የአሽከሮቹ እጅ ወደ ጎራዴ ሄደ። እሱ መቅዘፉን አላቆመም። «ታንኳ ላይ ሁሉ ተቀምጦ አንድ ሰው ከቆመ፣ የቆመው ጌታ አይደለም፤ ገልባጭ ነው። ማዶ ስንደርስ ጌታ እርስዎ ነዎት፤ እኔም እጅ እነሣለሁ። እስከዚያ ግን ጌታው ውሃው ነው።»

ፊታውራሪ ተቀመጡ። ማዶ ስንደርስ ሰውየው እንዳለው ከጭቃው ላይ ወድቆ እጅ ነሣ። ፊታውራሪ ቁልቁል ሲያዩት ቆዩና፣ «እጅ የሚነሣኝ ሞልቷል፤ ተቀመጥ የሚለኝ ግን አልነበረኝም። ተከተለኝ» አሉት። አባቱ ማን እንደሆነ የማያውቅ ቀዛፊ፣ አያታቸው ከንጉሥ ቤት ለሚወለዱ ጌታ አማካሪ የሆነው እንዲህ ነው።

ጠላት ደብረ ማርቆስን ሲይዝ እኛ ጮቄ ተራራ ላይ፣ ቀርቀሃው መሃል ሰፈርን። ቀዛፊ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? ይመክራል። ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉት የሰፈሩ ቄስ ስብከት ሲያስረዝሙ፣ «አባ፣ ታንኳ ላይ ቢሆን ይኸኔ ማዶ ደርሰን እህል በቀመስን» ይላቸዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ «ታንኳ ላይ ቢሆን…»፣ በቅሎ አልጫን ስትል «ታንኳ ላይ ቢሆን…»። አንዳንድ ጠዋት ሸለቆውን ጉም ይሞላውና ተራሮቹ ነጭ ባሕር ላይ የተኙ ደሴቶች ይመስላሉ። ያን ጊዜ ቢያዝን አፋፉ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ዓይኑ ከዚያ ባሕር ላይ አይነቀልም። አገሩን ናፍቆ ይሆን ብዬ፣ ሆዴ እየባባ ቀስ ብዬ ጠጋ እላለሁ።

«ሥራነሽ» ይለኛል ፊቱን ሳያዞር፣ «የትናንቱ ሽሮ ጨው በዝቶበታል።»

ፊታውራሪ ግን ሳያማክሩት ውሃ አይጠጡም ነበር። አንድ ቀን እህል ባጠረን ጊዜ እንዲህ አላቸው፦ «ጌታዬ፣ ታንኳ ውሃ የሚያስገባው ከኋላ ነው፤ ጌታ ደግሞ የሚያየው ፊት ፊቱን ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታውራሪ፣ ከሰፈሩ ጫፍ ያለው የመጨረሻው ሰው መብላቱን በዓይናቸው ሳያዩ እጃቸውን አልታጠቡም። ስንቁ አልጨመረም፤ የሚከዳው ሰው ግን ቀነሰ።

ይህን ሁሉ በክፉ ዓይን የሚያዩ አንድ ሰው ነበሩ፤ የፊታውራሪ የአጎት ልጅ ባላምባራስ ወልደ ሰንበት። የእሳቸው ምክር አንዲት ነበረች፤ «እንዳሉት፣ ጌታዬ»። ፊታውራሪ ይዘንባል ካሉ ይዘንባል፤ አይዘንብም ካሉም፣ ባላምባራስ በዝናብ እየራሱ፣ «እንዳሉት፣ ጌታዬ» ይላሉ።

ክረምት ገባ። ከከተማ አንድ ሽማግሌ ተልከው መጡ። ጠላት ለፊታውራሪ ቃሉን ልኳል፤ እጃቸውን ሰጥተው ከገቡ ርስታቸው አይነካም፣ ሹመትም ይጨመርላቸዋል። ሽማግሌው አንድ ነጭ ሻሽ ትተው ሄዱ። መግባት የፈለጉ ቀን አፋፉ ላይ ይሰቅሉታል። ፊታውራሪ ሻሹን አልመለሱም። አጥፈው ከደረታቸው ከተቱትና፣ «ላስብበት» አሉ።

በማግስቱ ሰዎቻቸውን ሰብስበው ጠየቁ። ባላምባራስ ቀድመው፣ «ጌታዬ የወደዱትን እኛም ወደናል» አሉ። ሌላው አቀረቀረ።

«ታንኳ ላይ ቢሆን» አለ ቢያዝን፣ «ማዕበል ሲነሣ 'እንደወደዱ' የሚለውን ሰው መጀመሪያ ነበር የምናወርደው።»

«ዛሬ ታንኳህን ተወኝ!» ፊታውራሪ ጮኹ። «ሰዉ ተርቧል፣ ጥይት አልቋል። አንተ ምን ገዶህ ነው? የማን ልጅ ነህና?»

ቢያዝን ዝም አለ። ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«የማንም» አለ ቀስ ብሎ። «ለዚህ ነው የምናገረው። እነዚህ ሁሉ እርስዎ ቢገቡ የሚመለሱበት ቤት አላቸው። እኔ ቤቴ እርስዎ ነዎት። ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንዴት ዝም ይላል?»

የፊታውራሪ ፊት ጠቆረ። እውነት ሲነገራቸው ሳይሆን፣ እውነቱ በሰው ፊት ሲነገራቸው ነው የጠቆረው። «ከፊቴ ጥፋ!» አሉት። ሊቀ ማዕበል አጎንብሶ እጅ ነሣና ቁልቁል ወረደ። ጨው ቋጥሬ ልሰጠው ሮጥሁ፤ ጉሙ ቀድሞኝ ዋጠው። ለጨው ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ለራሴ የነገርሁት እንደዚያ ነው።

ባላምባራስ ወልደ ሰንበትም ጥቂት ቆይተው ጠፉ። የጠፉት ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ጠዋት ጠላት በእሳቸው መሪነት፣ እኛ ብቻ እናውቀዋለን በምንለው የቀርቀሃ መንገድ መጣብን። ሰፈሩ ተቃጠለ። ቁስለኞቻችንን ተሸክመን ቁልቁል ወደ ጨሞጋ ወረድን፤ ወንዙ ግን ሞልቶ እንደ በሬ ያገሳል። ወደፊት ውሃ፣ ወደኋላ ጥይት።

ከወንዙ ዳር ቢያዝን ተቀምጧል። ቀርቀሃ በቀርቀሃ ላይ ጠፍሮ ታንኳ ሠርቷል፤ ከዚህ ዛፍ ማዶ ካለው ዛፍ ድረስም ገመድ ወጥሯል።

«አልሄድህም?» አልሁት።

«ቀርቀሃው አልደረቀም ነበር።»

ገመዱን አየሁት። ማዶ ታስሯል። ማዶ ሳይደርሱ ማዶ አይታሰርም፤ ስለዚህ ተሻግሮ ነበር፤ ተሻግሮም ተመልሷል። ይህን ስነግረው፣ «መቅዘፊያዬን ረስቼ ነው» አለኝ። መቅዘፊያው እጁ ላይ ነበር።

የፊታውራሪ አሽከሮች ሰውን እየገፉ ጌታቸውን ወደ ታንኳው አቀረቡ። ቢያዝን በመቅዘፊያው አገዳቸው። «ቁስለኛ ይቅደም፣ ሴት ይከተል። እርስዎ መጨረሻ ነዎት፣ ጌታዬ።»

መጀመሪያ የተጫነው ታረቀኝ የሚባል ጭኑን የተመታ ጎልማሳ ነው። ውሃውን አይቶ የቀዛፊውን እጅ ያዘ። «ቢያዝን፣ ብንገለበጥ ታወጣኛለህ?»

«እኔም ዋና አላውቅም።»

ሁላችንም ጥይቱን ረስተን አፈጠጥንበት። «ዕድሜህን ሙሉ ውሃ ላይ ኖረህ?» አሉት ፊታውራሪ።

«ሆን ብዬ ነው ያልተማርሁት» አለ። «ዋና የሚያውቅ ቀዛፊ ታንኳውን አይጠብቅም። መውጫ አለዋ! የእኔ ታንኳ ከሰጠመች እኔም አብሬ ነኝ፤ ስለዚህ ከጭነቴ ዓይኔን አላነሣም።»

ይህን ለታረቀኝ ነበር የተናገረው። ፊታውራሪ ግን ወደ ደረታቸው እጃቸውን ሰደዱ። ነጩን ሻሽ አወጡና ለሁለት ቀደዱት፤ ተንበርክከውም የታረቀኝን ጭን አጥብቀው አሰሩበት። ከዚያ ጠመንጃቸውን አንሥተው ወደ ተኩሱ ዞሩ። «አሻግራቸው» አሉት። «እኔ ከኋላ አለሁ።»

ቢያዝን ሲመላለስ ዋለ። እኔን ማዶ ካደረሰኝ በኋላ ጉሙ ወረደና ምንም አልታየኝ አለ። ገመዱ ላይ እጄን አኖርሁ፤ ገመዱ ሲንቀጠቀጥ፣ መጣ፤ ሲላላ፣ ጠፋ እላለሁ። በመጨረሻ ለረጅም ጊዜ ላላ። ማርያምን ተማጠንሁ፤ «ስለ ጨው፣ ስለ ስብከት፣ ስለፈለገው ይናገር፣ ብቻ ድምፁን አሰሚኝ» አልሁ። ከጉሙ ውስጥ፣ «ጌታዬ፣ ይቀመጡ እንጂ!» የሚል ጩኸት መጣ። አለቀስሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ደብረ ማርቆስ ገባን። ፊታውራሪ ለቢያዝን አምበር አጠገብ መሬት ሰጡት፤ ባዶ የሆነውንም የባላምባራስነት ማዕረግ ጨመሩለት። ትሑት ሰው እንዲህ ያለውን አልቀበልም ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። ባላምባራስ ቢያዝን ግን ፊታውራሪ ተናግረው ሳይጨርሱ ተቀበሉ፤ ካባው ትከሻ ላይ እንዴት መዋል እንዳለበትም ለአልባሹ መከሩት።

ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ግቢ ባቄላ ስፈለፍል ካባ የደረበ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆመ። አይናገርም። የታመመ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«ሥራነሽ፣ ምክር ፈልጌ ነው» አለኝ።

«ከእኔ?»

«አንዲት ሴት ማግባት የሚፈልግ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ሽማግሌ ይልካል።»

«ሽማግሌ የሚሆነው ዘመድ ከሌለውስ? 'የማን ልጅ ነው?' ሲባል የሚመልስለት ቢያጣስ?»

ባቄላው ከእጄ ወደቀ። «እንግዲያ ራሱ ይመጣል» አልሁት።

«መጥቻለሁ» አለ።

ምክር ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልጨመረም። ተነሥቼ በሩን ከፈትሁለት።