የተዋስነው እጅ

እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ቤታችን የራሳችን መሆኑ ያሳፍረናል ልበል? እግሩ የላላው ወንበር ጓዳ ይገባል፣ የጎረቤት ብርጭቆ ይመጣል፣ በየቀኑ የምንበላበት ሳህን አልጋ ሥር ይደበቃል። እንግዳው በተዋስነው ብርጭቆ ጠጥቶ፣ "እንዴት ያለ ቤት ነው!" ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ያመሰገነው ግን ጎረቤታችንን ነው። እኛ ቤት እንዲህ አይደረግም ካላችሁኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አላምናችሁም። ካሜራ ደግሞ የእንግዶች ሁሉ አለቃ ነው። ካሜራ ፊት የራሱን መልክ ይዞ የሚቀርብ ስንቱ ነው?

ይህን የማነሣው የቦዲቲውን ማርቆስ አስቤ ነው።

ማርቆስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ነበር። ቦዲቲ ላይ የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የፀጉር ቤቱን ቆንጆ፣ የጋራዡን ጎማ የሚስለው እሱ ነው። በሬው ከእውነተኛው በሬ ይልቅ ያስጎመጅ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከዱቦ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠና ቀኝ እጁ ከሥር ቀረ። ሐኪሞች እጁን አተረፉለት፤ ጣቶቹ ግን የጨበጡትን እንዳይለቁ የተማማሉ ይመስል ተቆልምመው ቀሩ። ብሩሽ አልጨብጥ አሉ። ኮምፒውተር ይሻልሃል ተባለና ማውስ ቢሞክር፣ ማውሱ እንደ ሳሙና ያመልጠዋል።

እጁን የፈታው ስልኩ ነው። መልእክት ልጽፍ ብሎ ሲታገል፣ የታጠፈው ጣቱ አንጓ መስታወቱ ላይ መስመር ሳበ፤ የሚያምር መስመር። ከዚያ ወዲህ ማርቆስ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጠረጴዛ የሚያክል መስታወት ይታየዋል፤ ሰማዩን በክርን፣ መንገዱን በመዳፍ ጠርዝ፣ ቅጠሉን በአንጓ የሚቀቡበት ሶፍትዌር ይታየዋል።

"ኢሻ" አለኝ፤ ወላይታ ወንድሙን የሚጠራበት ቃል ነው፤ "ብሩሽ መጨበጥ ካቃተኝ፣ እጄ ራሱ ብሩሽ ይሁና!"

በዚያው ሰሞን ሶዶ ውስጥ የፈጠራ ሥራ ውድድር ታወጀ። ሶፍትዌሩን መሥራት የሚችል ከመካከላችን አልነበረም። ሰርግ በመቅረጽ የሚተዳደረው ጓደኛችን ሳሙኤል ግን መላ አመጣ፤ "ኮንሴፕት ቪዲዮ እንሥራ" አለ። ያልተሠራውን ነገር እንደተሠራ አድርጎ ማሳየት ነው አሉ። ያልተወለደ ልጅ ልደት ማክበር በሉት። እኔ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ የሚነበበውን ጽሑፍ አዘጋጅ ተባልኩ፤ "ነገን በጣትዎ ጫፍ" ብዬ ጀመርኩላቸው። ማርቆስ የሚነካበት የጣት ጫፍ እንደሌለው ያስታወሰኝ ሰው የለም።

የቀረጻው ቀን የሳሙኤል ስቱዲዮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መስታወት አጋደምን፤ ከሥር መብራት በራ። ሥዕሉንና ቀለሙን ሳሙኤል በኋላ በኮምፒውተር ይጨምረዋል፤ ለጊዜው የሚፈለገው ባዶ መስታወት ላይ የሚንቀሳቀስ እጅ ብቻ ነው። ማርቆስ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘረጋ። ካሜራው ቀረበ። ከካሜራው ጋር በተያያዘው ትልቅ ስክሪን ላይ ያ የተቆለመመ እጅ፣ ጠባሳው፣ የከረረው ቆዳ፣ ግድግዳ የሚያክል ሆኖ ወጣ።

ሳሙኤል መብራቱን የሚያስተካክል መስሎ ዞር አለ።

ማርቆስ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና እጅጌውን ቀስ ብሎ መለሰ። "ይሄ እጅ ሰው ያስደነግጣል" አለ። "ሰው እጄን ያያል እንጂ ሥራዬን አያይም።"

"ኧረ ምንም አይልም!" አልን እኔና ሳሙኤል፣ እኩል። እኩል ያሉት ነገር ደግሞ እውነት ሆኖ አያውቅም። በልባችን እፎይ ብለናል።

የሳሙኤል እህት ትዕግስት ባንክ ነው የምትሠራው፤ ያን ቀን ለምሳ ስትወጣ ቁልፍ ልትሰጠው ጎራ አለች። ሦስታችንም እጇን አየን። ጣቶቹ ረጃጅም፣ ለስላሳ፣ ጥፍሩ የተቀባ። ልጅቷ ለምን እንደተፈለገች ሳይገባት መስታወቱ ፊት ቆመች።

ማርቆስ ከጎኗ ሆኖ ያስተምራታል። "በክርንሽ፣ ትዕግስት፤ ክርንሽን ጎተት አድርጊው።" ሞከረች። ሳሙኤል ከካሜራው ጀርባ፣ "ክርኑ እንጀራ የምትጠብቅ አስመሰላት" ሲል ክርኑ ቀረ። በመዳፏ ጠርዝ ሞከረች፤ አቧራ የምትጠርግ መሰለች፤ እሱም ቀረ። በመጨረሻ በአንዲት ጣቷ መስታወቱን ነካ፣ ነካ፣ ነካ። እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

ቪዲዮው ተሠርቶ ሲያልቅ ተሰብስበን አየነው። የትዕግስት ጣት በነካበት ሁሉ ቀለም ይፈነዳል፣ ዳሞታ ተራራ ከነጉሙ ብቅ ይላል፣ የእኔ ቃላት ከሙዚቃው ጋር ይንሳፈፋሉ። አጨበጨብን። ማርቆስ ብቻ አላጨበጨበም፤ እጁ ነዋ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ "የድሮ እጄን ያየሁ መሰለኝ" አለ። ያኔ ቢገባን ጥሩ ነበር።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ ከመጡት ዳኞች ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ቪዲዮውን አይተው ከልባቸው ፈገግ አሉ።

"በጣም ያምራል" አሉ። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ አቶ ማርቆስ። እንዲህ ያለ ጣት ያላት ልጅ በብሩሽም፣ በማውስም መሳል አያቅታትም። ታዲያ ይሄ ለማን ነው የታሰበው?"

ማርቆስ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆሟል። እጅህን አውጣ ለማለት ከኋላው ኮቱን ጎተት አደረግኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንደዚያ ቀን ታይቶኝ አያውቅም።

"ለ... ለሠዓሊዎች" አለ።

"ለየትኞቹ?"

"ለሁሉም።"

ሴትዮዋ ወረቀታቸው ላይ ጻፍ አደረጉ። አሸናፊ የሆነው የእንሰት መፋቂያ ማሽን ነው፤ የሠሩት ወጣቶች ከነጭቃው፣ ከነጭማቂው አምጥተው አዳራሹን አበላሽተውበት ነበር። ማንም ለማን ነው ብሎ አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ምሳ ሆነ፤ ቆጮውም ዳጣውም ቀረበ። ሰዉ ታጥቦ ሲነሣ ሰብሳቢዋ ተወዳዳሪዎቹን እየዞሩ ይሰናበታሉ። እኛ ዘንድ ደርሰው ለማርቆስ እጃቸውን ዘረጉ። አሁን ያዩታል አልኩ በልቤ። ማርቆስ እጁን ከኪሱ አወጣና፣ መዳፉን ወደ ታች አጥፎ፣ እጁ የራሰ ሰው እንደሚያደርገው ክንዱን ሰጣቸው። ሴትዮዋ ክንዱን ጨበጥ አድርገው፣

"ታጥበው ነው? ችግር የለውም" አሉ።

"አዎ፣ ታጥቤ ነው" አለ ማርቆስ።

አልፈው ሄዱ።

ወደ መናኸሪያ ስንወርድ አላስቻለኝም። "ሰውዬ፣ እንዴት ዝም ትላለህ? እጅህን ይዘውት ነበርኮ!"

"ደግ ሴት ናቸው" አለኝ። "ያን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ እጄን ቢያዩት ያፍራሉ። ሰው ፊት ላሳፍራቸው?"

ምን ይባላል? ይሉኝታ ባንድ ሰው ላይ እንዲህ ሲያርፍ ዳኛም፣ ጓደኛም፣ ሐኪምም አያስጥልም። ረዳቱ "ቦዲቲ! ቦዲቲ!" እያለ ሲጣራ ማርቆስ በግራ እጁ ብረቱን ይዞ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ማርቆስ ቦዲቲ ላይ ቀለም ይሸጣል፤ ሌላው ለሚቀባው ቀለም ይመርጥለታል። ሳሙኤል ሰርጉን ይቀርጻል። ትዕግስትን አንድ ወርቅ ቤት በቪዲዮው አይቷት ለቀለበት ማስታወቂያ እጇን ቀረጻት፤ ለአንድ ሰው እንኳ ጠቅሟል ማለት ነው። መስታወቱን ሶፍትዌር አድርጎ የሚሠራልን ሰው አልፈለግንም፤ አንዴ ያየነው ነገር ያለ ስለሚመስል ይሁን፣ ስለከፋን ይሁን፣ እኔም አላውቀውም። አልፎ አልፎ ሦስታችን ስንገናኝ አንዳችን ስልኩን ያወጣና ቪዲዮውን ይከፍተዋል። ስለ እጅ አንነጋገርም። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ተራራው ጉም እናወራለን። ማርቆስም ራሱን እየነቀነቀ፣ "ያምራል፣ ያምራል" ይላል።

ደግሞም ያምራል።